የጫንጮው አልበም፡- ‹‹ኦርጅናል›› ቴምብር ወይስ ድጋሚ ኅትመት?

በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ሱሉልታን አልፎ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ጫንጮ ይደርሳል፡፡ ከተማዋ የምትታወቀው በወተቷ፣ በቅቤዋና ወደ ደርባና ሙገር በሚታጠፉት የሲሚንቶ መኪኖች ነው፡፡ በፖስታ ቴምብር የሚያውቃት ያለ አይመስለኝም፡፡ እኔ ግን ባለፈው ሰሞን ወደ ጫንጮ የወጣሁት ለቴምብር ነበር፡፡

የጠሩኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፡፡ የሰፈሩ ሰው ‹‹ኦቦ›› ይላቸዋል፤ ያስተማሯቸው ደግሞ እስከ ዛሬ ‹‹ቲቸር›› ነው የሚሏቸው፡፡ ‹‹አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ አልበሜን ካልገዛሁ እያለኝ ነው፤ ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል፡፡ አንተ በዚህ ነገር ስታብድ ስለኖርክ መጥተህ እይልኝ›› አሉኝ በስልክ፡፡ ገንዘቡን የፈለጉት ለባለቤታቸው የዓይን ሕክምና መሆኑን የነገሩኝ ከደረስኩ በኋላ ነው፡፡

ወደ አልበሙ ከመግባቴ በፊት ስለ ገበያው ጥቂት ልበል፡፡ የአሮጌ ነገር ንግድ ደርቷል፡፡ በቴሌግራምና በፌስቡክ ጠገራ ብር፣ የድሮ ኖት፣ የድሮ ፎቶግራፍና ‹‹ብርቅዬ የምኒልክ ቴምብር›› በአንድ ገበታ ላይ ይቀርባሉ፡፡ ገዢዎቹ ደላሎችም፣ ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖቻችንም፣ በጨረታ ድረ ገጽ መልሰው የሚሸጡ ነጋዴዎችም ናቸው፡፡ ሻጮቹ በአብዛኛው እንደ እኚህ መምህር በወጣትነታቸው ቴምብር ይሰበስቡ የነበሩ ሰዎች፣ ወይም የእነሱ ወራሾች ናቸው፡፡ የአንዳንድ አንባቢዎቼም ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ አልበም እንደሚኖር አልጠራጠርም፡፡ ችግሩ ሻጩም ገዢውም የሚነጋገሩበት ቃል አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ‹‹ኦርጅናል››፡፡

ይኼ ቃል ደግሞ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል፡፡ አንደኛው ፖስታ ቤትን ለማታለል የሚሠራ ሐሰተኛ ቴምብር ነው፡፡ ይህ የመንግሥትን ገቢ መስረቅ ስለሆነ በእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በገንዘብና በመንግሥት ማኅተም ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች ጎን ተመድቧል፡፡ ሁለተኛው ሰብሳቢን ለማታለል የሚሠራው ነው፡፡ ሦስተኛው ድጋሚ ኅትመት የሚባለው ሲሆን፣ ቴምብሩ ከአገልግሎት ከወጣ በኋላ የቆየው ሰሌዳ እንደገና ቀለም ተቀብቶ የሚታተም ነው፡፡ አራተኛው የትኛውም ፖስታ ቤት ሸጦት የማያውቅ፣ አንድ የግል ማተሚያ ቤት በአንድ አገር ስም ፈጥሮ ያወጣው ወረቀት ነው፡፡ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፡፡ ጎረቤታችን ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥቷ ከፈረሰ በኋላ በስሟ የታተሙ የአበባ፣ የዓሣና የመኪና ቴምብሮች ሞቃዲሾን ሳይረግጡ በአውሮፓ ሱቆች ተቸብችበዋል፡፡ የዓለም ፖስታ ኅብረት ከ2002 ጀምሮ አባል አገሮች በይፋ ያወጧቸውን ቴምብሮች የሚመዘግብ ሥርዓት የዘረጋውም ይህ ነገር ስለበዛ ነው፡፡

የመጀመሪያው ዓይነት ዛሬ ራስ ምታት የሆነው በሀብታም አገሮች ነው፡፡ የእንግሊዙ ሮያል ሜይል እ.ኤ.አ. በ2022 በመደበኛ ቴምብሮቹ ላይ ባርኮድ አስገባ፤ የቀድሞዎቹ ከጁላይ 2023 በኋላ እንደማይሠሩ አስታወቀ፡፡ ይሁን እንጂ በ2024 ከሱቅ በሕጋዊ መንገድ ገዛን ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ‹‹ቴምብሩ ሐሰተኛ ነው›› እየተባሉ 5 ፓውንድ ሲጠየቁ ትልቅ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ ድርጅቱም ክፍያውን ለጊዜው ለማቆም ተገደደ፡፡ እኛ ዘንድ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ራሱ ብርቅ በሆነበት ጊዜ የዛሬ ቴምብር አስመስሎ ማተም የሚያዋጣ ንግድ አይደለም፡፡ የእኛ ጣጣ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው፡፡

ወደ ጫንጮ ልመለስ፡፡

መምህሩ አልበሙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በኩራት የገለጡልኝ ገጽ የአራዊቱ ነበር፡፡ (የቴምብር መዝገቦች የሚሄዱት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. መሆናቸው ይታወቅልኝ፡፡) በ1919 በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ በስዊዘርላንድ የታተሙት 15ቱ ቴምብሮች ናቸው፡፡ ዝሆኑ፣ አንበሳው፣ አውራሪሱ፣ ሰጎኑ፣ የንግሥቲቱና የአልጋ ወራሹ ምስል አለበት፡፡ በእውነት ያምራሉ፡፡ ለኢትዮጵያ ቴምብር ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ የጀመሩት ከእነዚህ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ፡፡

መምህሩ ጣታቸውን ያሳረፉት ግን ከታች ለብቻቸው በተቀመጡት ላይ ነበር፡፡ ክፈፉ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እንስሳው እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሏል፡፡ ተገልብጦ የታተመ ማለት ነው፡፡ ‹‹አየህ፤ አሜሪካኖቹ አውሮፕላን ተገልብጦ የታተመባትን አንዷን ቴምብር በስንት እንደሸጧት ሰምተሃል?›› አሉኝ፡፡ ሰምቻለሁ፡፡ በ1918 ከታተመው ባለ 24 ሳንቲም የአሜሪካ ቴምብር 100 የያዘ አንድ ገጽ ተገልብጦ ወጥቶ ነበር፤ ከእነዚያ አንዷ በኖቬምበር 2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች፡፡

አልበሙን ዘቅዝቄ ቴምብሮቹን አንድ በአንድ በጉጠት አንስቼ ጀርባቸውን አየሁ፡፡ በ1919ኙ ኅትመት ላይ ዋናው መለያ ከፊት ሳይሆን ከጀርባ ነው ያለው፡፡ የዋናዎቹ ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፡፡ የድጋሚ ኅትመቶቹ ሙጫ ቡናማ ሆኖ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ዝናብ አጥቶ እንደተሰነጠቀ የጭቃ መሬት አስቡት፡፡ የመምህሩ ቴምብሮች በሙሉ፣ ከላይ ያሉት ቀጥ ያሉትም ከታች ያሉት የተገለበጡትም፣ ጀርባቸው ቡናማ ነበር፤ ስንጥቁም በሰያፍ፡፡

የተገለበጠው እንስሳም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ በመዝገቦቹ ላይ በግልጽ እንደሰፈረው፣ ከዚህ ኅትመት ድጋሚዎች መካከል ጥርስ የሌላቸውና መካከላቸው የተገለበጠ ይገኛሉ፡፡ በአሜሪካ አንድ ገጽ ብቻ አምልጦ የወጣ ስህተት ብርቅ ነው፡፡ እኛ ዘንድ የአልበም ጌጥ ሆኖ የተሠራ ‹‹ስህተት›› ግን ስህተትም አይደለም፡፡ የድጋሚው ሙሉ ስብስብ ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው፤ ማኅተም ተመትቶበትም ቢሆን ዋጋው አይጨምርም፡፡ ይህን የምለው ‹‹የፖስታ ቤት ማኅተም ካለበት እውነተኛ ነው›› የሚለው እምነት በጣም ስለተስፋፋ ነው፡፡ ማኅተም ያለባቸው ድጋሚዎች ሞልተዋል፡፡ የዋናዎቹም ዋጋ ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሰማይ የነካ አይደለም፡፡

ለመምህሩ እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ፡፡ እኚያን ቴምብሮች የገዙት በጃንሆይ ዘመን ወጣት አስተማሪ ሳሉ ከአንድ የአዲስ አበባ ሱቅ የወር ደመወዛቸውን ግማሽ ከፍለው ነው፡፡ ‹‹ጋሼ፣ ሐሰተኛ አይደሉም፤ ግን በኋላ የታተሙ ናቸው›› አልኳቸው፡፡ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ‹‹ታዲያ እኔን የሸጠልኝ ሰውዬ ያውቅ ነበር?›› አሉኝ፡፡ የጠየቁኝ ጥያቄ የቴምብር አልነበረም፤ መልስም አልነበረኝም፡፡

የድጋሚ ኅትመት ነገር በ1919 አያበቃም፡፡ በ1931 የወጣው፣ የልዑል ራስ መኮንንን፣ የእቴጌ መነንን፣ የንጉሠ ነገሥቱን፣ የአዋሽ ባቡር ድልድይንና የምኒልክ ሐውልትን የያዘው ውብ ስብስብም ድጋሚ ታትሟል፡፡ እዚህ ላይ የሚታየው ሙጫው ሳይሆን ወረቀቱና ቀለሙ ነው፡፡ የዋናው ቀለም ደብዛዛና ዱቄት ዱቄት ያለ ነው፤ የድጋሚው ወፍሮ የተለሰነና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ወረቀቱም ሳሳ ያለና ነጣ ያለ ነው፡፡ ሁለቱን ጎን ለጎን በመስኮት ብርሃን አዘንብሎ ያየ ሰው መሣሪያ አያስፈልገውም፡፡ አስቸጋሪው፣ ብዙ ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ዋና ቴምብር የሌለው መሆኑ ነው፡፡

አሁን ወደ ምኒልክ እንምጣ፤ ደላሎቹ በጣም የሚጮኹት በእሱ ነውና፡፡ የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በ1886 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1894) የታዘዙና በፓሪስ፣ በፈረንሳይ መንግሥት የቴምብር ማተሚያ የተሠሩ ናቸው፤ ቅርጹን ያወጣውም ዩጂን ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ነው፡፡ ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ግርሾቹ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሾቹ አንበሳውን ይዘዋል፡፡ የታተሙት የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ቴምብሮች በሚታተሙበት መሣሪያ ስለሆነ የዳር ጥርሳቸውም እንደዚያው ነው፤ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ በአግድም 14፣ በቁመት 13 ተኩል ቀዳዳ ይቆጠራል፡፡ በማጉያ መነጽር ሲታዩ መስመሮቹ ያልተቆራረጡ፣ ቀለሙ ወደ መስመሩ ዳር የተገፋ ነው፡፡ በዘመኑ ኮምፒውተር የተባዛው ግን በመነጽር ሲታይ የባለ ቀለም ነጠብጣብ መንጋ ነው፡፡ ሌላም ቀላል ፈተና አለ፡፡ የብር ኖት የሚፈተሽበት ዓይነት ሐምራዊ መብራት ሲበራበት ወረቀቱ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ ካለ፣ ወረቀቱን የሚያነጣው ኬሚካል በምኒልክ ዘመን አልነበረምና ነገሩ አልቋል፡፡

የምኒልክ ቴምብር ላይ ግን ሐሰቱ ብዙ ጊዜ ቴምብሩ አይደለም፤ በላዩ የተመታው ጽሑፍ ነው፡፡ ከ1901 ጀምሮ ፖስታ ቤቱ እነዚህኑ ቴምብሮች በእጅ ማኅተም እየመታ አወጣቸው፡፡ መጀመሪያ በላቲን ፊደል ‹‹ኢትዮጵያ›› የሚል፣ በ1902 ‹‹ቦስጣ›› የሚል፣ ቀጥሎም ‹‹መልእክት›› የሚል፣ ኋላም ዋጋ የሚለውጥ፡፡ ጽሑፍ ያልተመታበት የ1894 ቴምብር በርካሽ ይገኛል፤ የተመታበት ይወደዳል፡፡ እንግዲህ አንድ አጭበርባሪ የሚያስፈልገው አንድ የጎማ ማኅተም ብቻ ነው! ለምሳሌ የ1901ዱ የአስመሳይ ምት ከዋናው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል፡፡ በዚህ ምክንያት ሚሊ ሜትር የምታሳይ ማስመሪያ ከማናቸውም ‹‹ባለሙያ ነኝ›› ባይ ትበልጣለች፡፡ ቴምብሩ የፖስታ ቤት ማኅተም ካለበት ደግሞ የትኛው ቀለም ከላይ እንደተኛ በመነጽር ይታይ፡፡ የተመታው ጽሑፍ ከፖስታ ቤቱ ማኅተም በላይ ከተኛ፣ ደብዳቤው ከተላከ በኋላ የተመታ ነው፤ ያ ደግሞ ሊሆን አይችልም፡፡

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ልዩነት ሁሉ ሐሰት አይደለም፡፡ በነሐሴ ወር 1929 የመንግሥታችን የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ በነበሩት ቴምብሮች ላይ የአውሮፕላን ሥዕልና ጽሑፍ ተመትቶ ወጣ፡፡ የምቱ ቁመት በግማሽ ሚሊ ሜትር ይለያያል፤ አንዱ ዓይነት ላይ ሁለት ነጥቡ አለ፣ ሌላው ላይ የለም፡፡ ሦስቱም ዓይነት ትክክለኛ ናቸው፡፡ ማስመሪያውን ብቻ ያመነ ሰው ደህናውን ቴምብር ይጥላል፡፡

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ሙያ የተሳሳቱት የእኛ ደላሎች ብቻ አይደሉም፡፡ ዣን ደ ስፔራቲ የተባለው ፈረንሳይ ይኖር የነበረ ዝነኛ አስመሳይ በ1942 ወደ ሊዝበን የላከው ቴምብር በጉምሩክ ተያዘበት፡፡ ክሱ ውድ ቴምብር ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ማሸሽ ነበር፡፡ ‹‹እኔው የሠራኋቸው ቅጂዎች ናቸው›› ቢል የተጠሩት ባለሙያዎች ‹‹አይደሉም፣ እውነተኛ ናቸው›› ብለው ድርቅ አሉ፡፡ ሐሰተኛ መሆናቸውን ለማስረዳት የተጨነቀው አስመሳዩ ራሱ ነበር፡፡

በጫንጮው አልበም መጨረሻ ላይ፣ ክር ታስሮበት፣ አንድ እሽግ የአሮጌ ፖስታ ወረቀት አገኘሁ፡፡ የመምህሩ አባት በባቡሩ ኩባንያ ጸሐፊ ሆነው ድሬዳዋ ሲሠሩ ከአዲስ አበባ የተጻፉላቸው ደብዳቤዎች ናቸው፡፡ ቆሻሻ ናቸው፤ ጠርዛቸው ተበልቷል፤ አንዱ ላይ የቡና ሲኒ ተቀምጦበታል፡፡ በላያቸው የ1931ዱ ቴምብሮች አሉ፤ በሁለቱ ላይ የአዋሽ ድልድይ፡፡ ቀለሙ ደብዛዛ፣ ዱቄት ዱቄት ያለ፡፡ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፈው የአዲስ አበባ ማኅተም ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ዐርፏል፡፡ ከጀርባ ደግሞ የድሬዳዋ መድረሻ ማኅተም አለ፤ ቀኑም ከመነሻው ቀን ጋር ይስማማል፡፡ አስመሳይ አንድ ቴምብር መሥራት ይችላል፡፡ ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ ሁለት ከተሞችን፣ ሁለት ቀኖችንና የላኪውን የእጅ ጽሑፍ አንድ ላይ ማስማማት ግን እጅግ ይከብደዋል፡፡

ፖስታው ሙሉ ሆኖ ሲገኝ የሚሰጠው ማስረጃ ይህን ያህል ነው፡፡ ሌላ ምሳሌ ልጨምር፡፡ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በኅዳር 1908 ነው፡፡ ከዚያ በፊት ቴምብራችን ከድንበር ማዶ ዋጋ አልነበረውም፤ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ከጂቡቲ ወዲያ ላለው ጉዞ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ያስፈልገው ነበር፡፡ ስለዚህ በ1896 ከእንጦጦ ወደ ፓሪስ ተላከ የሚባል፣ የምኒልክ ቴምብር ብቻ የተለጠፈበት፣ ተጨማሪ ክፍያ የተጠየቀበትም ምልክት የሌለው ፖስታ ቢያቀርቡላችሁ፣ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱና ጥያቄ ጀምሩ፡፡

‹‹ልጁ ስለ እነዚህ ምን አለ?›› ብዬ ጠየቅኳቸው መምህሩን፡፡ ‹‹እነሱንማ በነፃ ጨምሩልኝ ነው ያለው፡፡ ቦታ እንዳይዙ ቴምብሮቹን በመቀስ ቆርጠው ይስጡኝም ብሎ ነበር›› አሉኝ፡፡

ልጁ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም፡፡ የሚቆርጥ ደላላ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ራሱም ስለማያውቅ ነው፡፡ ግን ውጤቱ አንድ ነው፤ መቀሱ ካረፈ በኋላ ማኅተሙ ግማሽ ይሆናል፣ የመድረሻው ቀን ይጠፋል፣ የሚቀረው በሺዎች ከሚገኝ ቴምብር አንዱ ነው፡፡

እኔን የሚያበሳጨኝ ይህን ሁሉ ለማወቅ የውጭ መዝገብ ማገላበጥ ግድ መሆኑ ነው፡፡ ለንደን የሚገኘው የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር የባለሙያ ኮሚቴ አቋቁሞ የትክክለኛነት ምስክር ወረቀት መስጠት የጀመረው በ1894 ነው፤ የእኛ የመጀመሪያ ቴምብር በታዘዘበት ዓመት! ዛሬም አንድ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን ቴምብር በውጭ ገበያ ለመሸጥ የምስክር ወረቀቱን ከለንደን ወይም ከኒው ዮርክ እንዲያመጣ ይጠየቃል፡፡ ኢትዮ ፖስት የብሔራዊ ፖስታ ሙዚየም ባለቤት ነው፤ ማኅተሞቹን በየዘመናቸው፣ ዋናና ድጋሚ ኅትመቶቹን ጎን ለጎን አድርጎ ጥርት ባለ ፎቶግራፍ በድረ ገጹ ላይ ቢያወጣ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም፡፡ የደላላውን ጩኸት ግማሹን ዝም ያሰኘዋል፡፡

ሁለተኛው ጉዳይ የቅርስ ባለሥልጣኑ ነው፡፡ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፡፡ ታዲያ የ1930ዎቹ ደብዳቤ ከነፖስታው ቅርስ ነው? ለምርመራ ወደ ውጭ ልላከው ያለ ሰውስ የት ሄዶ ምን ፎርም ይሙላ? ብራና ሲሆን ሁሉም ይነቃል፤ ፖስታ ሲሆን በሻንጣ ኪስ ይወጣል፡፡ እኔ በበኩሌ የግለሰብ አልበም ሁሉ ይወረስ ወይም ይታገድ ባይ አይደለሁም፤ ያ ሰዉን ወደ መደበቅ ነው የሚገፋው፡፡ ፎቶው ይመዝገብ፤ ባለቤቱ ይሽጥ፡፡ ይህን ስል ሰብሳቢ ጓደኞቼ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፡፡ መዝገብ ሲመጣ ግብር ይመጣል ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ከመሬት የተነሳ አይደለም፡፡

ቅዳሜ ልጁ መጣ፡፡ እኔም ሆን ብዬ ቆይቼ ነበር፡፡ ትሑት፣ ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ ‹‹አባባ›› እያለ ነበር የሚያነጋግራቸው፡፡ መምህሩ የአራዊቱን ገጽ ገልጠው፣ ሳይጠየቁ፣ ‹‹እነዚህ ድጋሚ ኅትመት ናቸው፤ ጀርባቸውን እይ፤ ዋጋቸው ይኼን ያህል ነው›› ብለው ትንሽ ገንዘብ ጠሩለት፡፡ ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፡፡ ሻጭ ዋጋ ሲያወርድ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፡፡ የተገለበጠውን ዝሆን ግን ለመተው አልቻለም፤ ‹‹እሱን ለብቻው ልግዛዎት›› አለ፡፡ ‹‹እሱን ለጌጥ አስቀርቼዋለሁ›› አሉት፡፡

ፖስታዎቹን አልሸጡም፡፡ የሕክምናውን ገንዘብ ከአራዊቱ እንደማያገኙ ከተነገራቸው ወዲህ ልጆቻቸው ማዋጣት ጀምረዋል፡፡ ከሚቀጥለው ሳምንት በአንዱ ቀን ፖስታዎቹን በካርቶን አሽገን አዲስ አበባ ወዳለው ሙዚየም ይዘናቸው ልንሄድ ተቀጣጥረናል፡፡ ከዚያ በፊት ግን መምህሩ አንድ ነገር እንድፈጽምላቸው ጠይቀውኛል፡፡ ፖስታዎቹ ውስጥ ያሉት ደብዳቤዎች ወጥተው አያውቁም፤ እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፡፡ ሰው ሁሉ ላዩን ሲያይ ስለኖረ፣ አባታቸው ምን እንደተጻፈላቸው እስከ ዛሬ አያውቁም፡፡